እናትና ልጅ በአንድ መዝገብ፦ የነርሷ ልዕልት ፀሐይ ሕይወት



ባለፉት ስብሰባዎቻችን ደጋግሞ የተነሣ አንድ ሐሳብ አለ። ለወለዱ አባላት ከምናዋጣው የአራስ መረዳጃ ገንዘብ ለእናቲቱ ምግብና ማረፊያ የሚውለው ተቀንሶ ለሕፃኑ የዱቄት ወተትና ልብስ ይገዛበት የሚል ነው። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ሕፃን አንጀት ይበላል። እኛ የማኅበሩን ሂሳብ የምንይዝ ሴቶች ግን ለእናት የወጣውን ለልጅ ከወጣው ለይተን መመዝገብ ይቸግረናል። ለምን እንደሚቸግረን ለማስረዳት በዚህ ዕትም የአንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ሕይወት ይዘን ቀርበናል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይባላሉ። ካረፉ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሕይወታቸው ግን ዛሬ ለምንከራከርበት ጉዳይ መልስ አለው።

ከአያት የጀመረ ታሪክ

ታሪኩ የሚጀምረው ከእኛው አካባቢ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረርን ካለፍን በኋላ በምናገኛት በኤጀርሳ ጎሮ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ ተፈሪ ተባለ፤ አባቱ ራስ መኮንን ናቸው። ወይዘሮ የሺመቤት ሌሎች ልጆችም አርግዘውና ወልደው እንደነበር ይነገራል፤ ያደገላቸው ግን ተፈሪ ብቻ ነው። መጋቢት 6 ቀን 1886 ዓ.ም. እሳቸውም በወሊድ ምክንያት አረፉ። ልጁ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ እናቱን በድምፅዋም በጠረኗም ይለያል። ስትጠፋበት ግን የት ሄደች ብሎ የሚጠይቅበት አፍ ገና አልፈታም። ተፈሪ ዘመድ አላጣም፤ ከእምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር እንደ መንታ አብረው አደጉ። አባቱ ራስ መኮንንም በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ አረፉ። ይህ ልጅ ከጊዜ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ ነገሠ። ልዕልት ፀሐይ እንግዲህ አያታቸውን በወሊድ ያጡ፣ እናቱን በጨቅላነቱ ከተነጠቀ አባት የተወለዱ ልጅ ናቸው። ቤተ መንግሥት ውስጥ መወለድ ከዚህ ሐዘን አያስጥልም ነበር።

ልጅነትና የሴቶች ማኅበር

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ። እናታቸው እቴጌ መነን አስፋው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ስድስት ልጆች ወልደዋል። ከፀሐይ በላይ ያሉት ልዕልት ዘነበወርቅ በልጅነታቸው ተድረው መቀሌ ሄዱ፤ እዚያው ሳሉ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ አረፉ። ፀሐይ ወደ ወጣትነት ሲሻገሩ ይህን የእህት ሐዘን ይዘው ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ሴቶቹ ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ ያዘጋጁ ነበር፤ ልብስ ሰፉ፣ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል የፊት መሸፈኛም ሠሩ። ልዕልት ፀሐይ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ሳሉ ከማኅበሩ ዋና ሠራተኞች አንዷ ነበሩ። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ስለሚያውቁ የውጭ አገር ሴቶች የመርዝ ጋዙን ድብደባ እንዲቃወሙ በስማቸው ተማፅነዋል። ዛሬ እንደ እኛ ያለ የሴቶች መረዳጃ ማኅበር ሲሰበሰብ፣ ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ እናቶችና እህቶች እንደነበሩን ማስታወስ ደስ ይላል።

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ አዲስ አበባን ለቀቀ። ጉዞው በባቡር ነበርና በእኛዋ ድሬዳዋ አልፈው ጅቡቲ ገቡ። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ፣ ከዚያም ኢየሩሳሌም ደረሱ። በኋላ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ የስደት ኑሮ ጀመሩ።

ከልዕልትነት ወደ ሕፃናት አልጋ

በስደት ያለች የንጉሥ ልጅ እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ ማንም አይፈርድባትም ነበር። ልዕልት ፀሐይ ግን ነርስነትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ውስጥ በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕሙማን ሕፃናት ሆስፒታል ሥልጠና ጀመሩ። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 በአሥር አልጋ ብቻ የተከፈተ ሲሆን፣ በብሪታንያ ለሕፃናት ብቻ ተብሎ የተቋቋመ የመጀመሪያው ነው። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1939 በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ከዚያም ጋይስ በሚባለው ሌላው የለንደን ሆስፒታል አጠቃላይ የነርስነት ትምህርት ቀጠሉ።

ስለ እናትና ጨቅላ ትስስር ስናወራ ልዕልቷ የተማሩበትን ዘመን ማወቅ ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ የታመመ ሕፃን ሆስፒታል ሲተኛ እናቱ አብራው አትቆይም ነበር። በተወሰኑ ቀናት፣ በተወሰነ ሰዓት መጥታ አይታው ትመለሳለች። ለዚህ ይሰጥ የነበረው አንዱ ምክንያት ተላላፊ በሽታን መከላከል ነው። ሌላው ምክንያት እናቱ መጥታ ስትሄድ ልጁ ያለቅሳል የሚል ነበር። ልጁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝም ሲል ለመደ ይባላል።

ዝምታው ግን መልመድ አልነበረም። ጀምስ ስፔንስ የተባሉ ሐኪም በኒውካስል ከተማ እናቶች ከታመሙ ጨቅሎቻቸው ጋር እንዲተኙ መፍቀድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ ሰሚ ግን ወዲያው አላገኙም። ጆን ቦልቢ የሚባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም የጤና ድርጅት ባቀረቡት ጥናት፣ ጨቅላ ልጅ ከእናቱ ወይም ከእናቱ ምትክ ጋር ሞቅ ያለና የማይቋረጥ ቁርኝት እንደሚያስፈልገው አስረዱ። በቀጣዩ ዓመት የሥራ ባልደረባቸው ጀምስ ሮበርትሰን የሁለት ዓመት ሕፃን ለስምንት ቀን ሆስፒታል ስትተኛ ምን እንደሆነች የሚያሳይ ፊልም አወጡ። ዝም ያለችው ተስፋ ቆርጣ መሆኑ በፊልሙ ታየ። ወላጆች ልጆቻቸውን ሆስፒታል ውስጥ እንደልብ እንዲጎበኙ የሚመክር የመንግሥት ኮሚቴ ሪፖርት በብሪታንያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

እኛ አገር ልጅ ታሞ ሲተኛ እናት አስታማሚ ሆና ከአልጋው ሥር ታድራለች። ይህን እንደ ድህነት ወይም እንደ መጨናነቅ የሚያየው ሰው አይጠፋም። ታላላቅ ሆስፒታሎች ግን ለብዙ ዓመታት ከልክለው ቆይተው የተመለሱት ወደዚሁ ነው።

እናት ለልጅ፣ ልጅም ለእናት

የሕፃናት ነርስ ጨቅላን ስታጥብ፣ ስትመዝንና ስታበላ ትውላለች። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሁሉ የሚመለከቱትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት እንፈልጋለን። ሕፃን ከእናቱ ይቀበላል ብቻ ሳይሆን ለእናቱም ይሰጣል።

ሕፃኑ እንደተወለደ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ሲገናኝ ሙቀቱ ይጠበቃል፤ ትንፋሹና የልብ ምቱ ይረጋጋል። ዓይኑ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው። ይህም ጡት ላይ ሆኖ የእናቱን ፊት የሚያይበት ርቀት ነው። የመጀመሪያው ወፍራምና ቢጫ ወተት፣ እንገር የምንለው፣ ከበሽታ የሚከላከል ነገር ስለያዘ እንደ መጀመሪያ ክትባት ይቆጠራል። ታልቦ መደፋት የለበትም።

በሌላ በኩል ሕፃኑ ጡት ሲጠባ በእናቲቱ ሰውነት ውስጥ ኦክሲቶሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይመነጫል። ይህ ንጥረ ነገር ወተቱን ያወርዳል፤ ማኅፀኗም እንዲኮማተር ያደርጋል። የማኅፀን መኮማተር ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ይቀንሳል። ብዙ መፍሰስ ለእናቶች ሞት ዋና ምክንያት መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ዕድሜ ያለው ጨቅላ ከሐኪሙ ጋር ሆኖ እናቱን ይረዳል ማለት እንችላለን።

ወተቱም የሚመጣው በሚጠባው ልክ ነው። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ይጨምራል፤ ጡጦ ሲለምድና ጡት ሲተው ይቀንሳል። እናቲቱ በበቂ ካልበላች፣ ካልጠጣችና እንቅልፍ ካላገኘች እሷ ትደክማለች፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴም በቀላሉ ያገኛታል። ድባቴ ያደረባት እናት ደግሞ ልጇን ዓይን ለዓይን አይታ ለማጫወት ጉልበት ታጣለች። ሕፃን ፈገግ ሲል ፈገግ የሚልለት ፊት ይፈልጋል፤ አእምሮው የሚያድገው በዚህ መመላለስ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በሳይንስ ስም ባይጠሩትም ያውቁታል። አራስ ቤት አትታዘዝም፤ አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ አብሹ ይቀርብላታል። በከተማችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም ሐረሪውም፣ እንደየወጉ እስከ አርባ ቀን ድረስ አራስን የሚንከባከብበት ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ ለወጉ ሲባል ብቻ የቆመ አይደለም። እናቲቱ ስትጠገን ልጁ እንደሚጠገን ስለተስተዋለ ነው።

አራት ወር ያልሞላ ትዳር

አገራችን ነፃ ስትወጣ ልዕልት ፀሐይ ሙያቸውን ይዘው ተመለሱ። ለአገራቸው እናቶችና ሕፃናት ሊሠሩ የሚችሉት ብዙ ነበር፤ በዚያ ዘመን በሕፃናት ነርስነት የሠለጠነች ኢትዮጵያዊት በጣት የምትቆጠር ነበረች።

በሚያዝያ ወር 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ተሹመው ነበርና ኑሯቸው ነቀምቴ ሆነ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም እዚያው ነቀምቴ አረፉ። ከሠርጋቸው አራት ወር አልሞላም። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ። አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም አረፈ።

ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጆችን ሲያክሙና ሲያጠቡ የኖሩ ነርስ የራሳቸውን ልጅ ሳይታቀፉ ሄዱ። እናት ስታልፍ በማኅፀን ያለውም አብሮ ያልፋል። አያታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ኤጀርሳ ጎሮ የወለዱትን ልጅ ትተው ያረፉት በወሊድ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውም በእርግዝና አረፉ። መካከላቸው ከአርባ ስምንት ዓመት በላይ አለ፤ አገር ተወሮ ነፃ ወጥቷል፤ ባቡር መጥቷል፤ ድሬዳዋ ከተማ ሆናለች። የእናቶች ሞት ግን ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀም ነበር። ማዕረግም ሙያም ብቻውን አንዲትን እናት አላዳነም።

በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል

በልዕልቷ ሞት ያዘኑ ወዳጆች በብሪታንያ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከፊት የቆሙት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። እኒህ ሴት ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ ስለ አገራችን ጋዜጣ እያሳተሙ የተሟገቱ ናቸው። ለእናቶችና ለጨቅሎች መሥራት የጀመሩት ግን ከዚያም በፊት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ በምሥራቅ ለንደን ድሃ ሰፈር በጠመንጃ ሠሪዎች ስም ይጠራ የነበረን መጠጥ ቤት ወስደው የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክና መዋያ አደረጉት፤ ስሙንም በእናቶች ስም ለወጡት። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ በወሊድ የሚሞቱ እናቶችን ስለማዳን መጽሐፍ ጽፈዋል። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሐውልት ሳይሆን ሆስፒታል እንዲሆን መታገላቸው ከዚህ ሥራቸው ጋር የሚሄድ ነው።

የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከአብዮቱ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ዛሬ አዲስ አበባ ሄደን ጦር ኃይሎች የምንለው ሰፈር ስንወርድ፣ የስሙ ምንጭ የሆነው ሆስፒታል በመጀመሪያ የአንዲት ነርስ መታሰቢያ እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሲልቪያ ፓንክረስትም ኋላ ኑሯቸውን ኢትዮጵያ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1960 አረፉ፤ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል።

ለእኛ የሚሆነው

ከልዕልቷ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ዛሬ ብዙ ተለውጧል። በአገራችን የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 412 ሆኗል። በግማሽ መቀነሱ ትልቅ ነገር ነው። የቀሩት 412 ግን ስም ያላቸው፣ ልጅ የሚጠብቃቸው ሴቶች ናቸው።

የጤና ባለሙያዎች እናቶች የሚሞቱት በሦስት መዘግየቶች ነው ይላሉ። አንዱ ወደ ሕክምና እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው መጓጓዣ አጥቶ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከተደረሰ በኋላ አገልግሎት እስኪገኝ መዘግየት ነው። ሦስተኛው የመንግሥትና የባለሙያ ድርሻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን ጎረቤትና ማኅበር ሊያሳጥራቸው ይችላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው፤ ሌሊት የሚወስድ ባጃጅ ግን በነፃ አይገኝም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጥቷል። ከአባሎቻችን ግን አብዛኞቻችን ቀጣሪ የለንም። ቀፊራ ጉሊት የምትቸረችር፣ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ፣ ሰው ቤት ልብስ የምታጥብ እናት ፈቃድ የሚሰጣት አዋጅ የላትም። ሥራ ያቆመች ዕለት ገቢዋ ይቆማል። በሁለተኛው ሳምንት ተነሥታ ስትሄድ ሕፃኑ ቤት ይቀራል፤ ጡጦም ይጀመራል። የዱቄት ወተት የሚገባው በዚህ በር ነው።

የዱቄት ወተትን አንነቅፍም። እናቱ የሞተችበት ወይም በሐኪም ምክር ማጥባት የማትችል እናት ያለችው ሕፃን ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ከጤና ባለሙያ ጋር ተማክረን እንረዳለን። ጤነኛ እናት ላለችው ልጅ ግን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባት ይችላል። አንድ ቆርቆሮ ወተት በቀናት ያልቃል። በዚያው ገንዘብ እናቲቱን ብንመግባት ግን ወተቱ እየተመረተ ይቀጥላል፤ ንጹሕ ውኃና ጡጦ መቀቀያ ከሰልም አይጠይቅም። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ስናሰላውም የሚያዋጣው ይህ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ የወለደች አባል ለአርባ ቀን ሳምንታዊ ቁጠባዋን እንዳታዋጣ፣ የብድር ክፍያዋም ያለ ቅጣት እንዲሸጋገርላት። ሁለተኛ፣ ለአራስ ቤት የሚሆን እህል፣ አብሽና ዘይት በተራ አድርሰን፣ የደረሰችዋ አባልም ሕፃኑን ይዛ እናቲቱን ለጥቂት ሰዓት እንድታስተኛት። ሦስተኛ፣ ለድርስ እርጉዝ አባል የመጓጓዣ ገንዘብ አስቀድሞ በየሰፈሩ ተጠሪ እጅ እንዲቀመጥ፣ የሚወስዳት ባጃጅም ከቀኑ በፊት ታውቆ እንዲያድር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንዲት አራስ የሚከብደው ነገር ለሁላችን ቀላል ነው።

ደጋፊዎቻችንም የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለሕፃናት ብላችሁ የምትለግሱትን ገንዘብ ለእናቶቻቸው ስናውለው ከዓላማው የወጣ እንዳይመስላችሁ። በመዝገባችን የእናት እርዳታ እና የሕፃን እርዳታ ተብለው ለየብቻ ተጽፈው የነበሩትን ሁለት የወጪ አርዕስቶች ከሚቀጥለው በጀት ዓመት ጀምሮ እናትና ልጅ በሚል አንድ አርዕስት ሥር እንድናደርጋቸው ጉባኤውን እንጠይቃለን። ድርስ የሆናችሁ አባሎቻችን ስማችሁንና የምትወልዱበትን ወር ለየሰፈራችሁ ተጠሪ ከአሁኑ አስመዝግቡ። በሰላም ያገላግላችሁ።